«ወንድ ነው» የተባለው ዱባዬ

ኮሮና ዱባይ ሲገባ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ ኡድ ሜታ የሚባል ሰፈር ያለ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ትሠራ ስለነበር በሽታውን እንዳታመጣብኝ ትፈራለች። ገላዋን ሳትታጠብ አታቅፈኝም፤ እጇ ሁልጊዜ ሳኒታይዘር ይሸት ነበር። እኔም ሰው ቤት መግባት ተከልክዬ የቀረችኝ ሐያት ብቻ ነበረች። ሐያት ካራማ ሰፈር ባለው ሕንፃችን የጎረቤታችን የወሎዬዋ የእትዬ ዘሐራ ልጅ ናት፤ እኩያዬ፣ የክፍሌ ልጅ። በረንዳችንን የሚለየው አጭር ግንብ ስለነበር፣ ማስካችንን አድርገን እዚያ ላይ ተደግፈን ስናወራ እንውላለን።

ሙቀቱ በረድ ሲል የሳይንስ መምህራችን በኦንላይን ክፍል «አንድ ተክል ትከሉ፤ ቀድሞ ያፈራለት ሥራውን ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ያቀርባል» አለችን። እናቴ ለወጥ ከገዛችው ዱባ ፍሬውን ተካፍለን፣ በየበረንዳችን በባዶ የቀለም ባልዲ ተከልን። ጠዋት ስነሳ የኔ ዱባ ላይ ትልልቅ ቢጫ አበቦች ፈክተው አገኛለሁ። ቀትር ላይ ጠውልገው ይረግፋሉ። ፍሬ ግን የለም።

አንድ ጠዋት ሐያት «ያንቺ ወንድ ነው» አለችኝ። «የኔ ሴት ናት። እያት፣ አበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ አላት።»

እውነትም አውራ ጣት የምታክል ድቡልቡል ነገር ነበራት። የኔዎቹ አበቦች የቆሙት ባዶ ቀጭን አንገት ላይ ነው።

«አያፈራም ማለት ነው?»

«ዋላሂ አያፈራም። አበቦቹን ለጌጥ ስጪኝና ንቀዪው።»

አመንኳት። አበቦቹን ቆርጬ በግንቡ ላይ አቀበልኳት፤ ተክሉን ከነሥሩ ነቅዬ ተንሰቀሰቅኩ። «አይዞሽ» አለችኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐያት ቡጢ የሚያክል ዱባዋን በስክሪን ለክፍሉ አሳየች። መምህራችን ዱባ በአንዱ ሐረግ ላይ ወንዴም ሴቴም አበባ እንደሚያወጣ፣ ብዙ ጊዜ ወንዴዎቹ እንደሚቀድሙ፣ ሴቴዎቹ ከቀናት በኋላ እንደሚከተሉ አስረዳችን። ከዚያ «ንብ በሌለበት እንዴት አፈራሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«የወንዴውን ቢጫ ብናኝ የሴቴዋ አበባ መሃል ላይ ቀባሁት» ብላ ቪዲዮ ከፈተች። ዱባዬን በነቀልኩበት ጠዋት የቀረጸችው ነው። በእጇ የያዘችው የኔን አበባ ነበር፤ ከግንቡ ወዲያ ለቅሶዬ ይሰማል።

ክፍሉ እንዳለቀ በረንዳ ላይ ጠራኋት።

«ታውቂ ነበር?»

«እማዬ ነግራኝ ነበር» አለች መሬት መሬት እያየች። «ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጪው አንቺ ነሽ። አንዴ እንኳ እኔ ልቅደም ብዬ ነው።»

ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ከወራት በኋላ አባቷ ከሆቴል ሥራው ተቀንሶ ቤተሰቡ ወደ አገር ሊመለስ ሆነ። በሄዱ ዕለት ስሜን ደጋግማ ስትጠራ ሰማኋት፤ አልወጣሁም።

ዛሬ ሻርጃ ባለ ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ባልደረቦቼ ደግ ሰዎች ናቸው። የሆነ ነገር ሲመክሩኝ ግን «እሺ» እላቸውና ዞር ብዬ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። ያኔ፣ ሐያት አንድ ነገር ካለችኝ፣ ሌላ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር።