ዴኦሊንዳ እና የአውቶቡሱ ሰዓት

ዴኦሊንዳ በኤንካርናሲዮን ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቲኬት ስትቆርጥ ኖረች። ጡረታ ስትወጣ ቤቷ ውስጥ ያሉትን አራት ክፍሎች ነጭ ቀለም ቀብታ፣ አልጋ አስገብታ፣ በሩ ላይ «የእንግዳ ማረፊያ» የሚል ሰሌዳ አሰቀለች። የሰቀልኩላት እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊቷ ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት፣ ሲሪያኮ። ሰሌዳው ትንሽ የተንጋደደው በእኔ ጥፋት አይደለም፤ ግድግዳው ነው።

እንግዶቿ ከራሳቸው የሚተልቅ ሻንጣ ያዘሉ የባሕር ማዶ ወጣቶች ናቸው። የወንዙን ድልድይ ተሻግረው ከአርጀንቲና በኩል ይመጣሉ፤ የሚደርሱት ደግሞ ሁልጊዜ በቀትር ነው። እኛ እዚህ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሰው አይደለንም። ሱቁ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ጥላ ሥር ተዘርሮ ሰው ሲያልፍ አይጮህም። እነሱ ግን ፊታቸው በርበሬ መስሎ ባዶ መንገድ ላይ ክፍት ሱቅ ፍለጋ ይንከራተታሉ። አንድ ሌሊት አድረው በማግስቱ ውልቅ ይላሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ሌሊት ያደረ እንግዳ አላየሁም፤ ትኩሳት ይዞት አልጋ ላይ የቀረውን ብራዚላዊ ካልቆጠርን በቀር።

ባለፈው ጥር ልጇ ኒልሳ ከዋና ከተማችን ከአሱንሲዮን መጣች። ለቤቱ ገዢ አግኝታለች፤ ሰውየው አፍርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። ኒልሳ ክፉ ልጅ አይደለችም። እናቷ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን እያመማት ብቻዋን አንሶላ ስታጥብ ማየት ለልጅ ከባድ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስታችንም ደጃፏ ተቀምጠን በረዶ የገባበትን የቅጠል መጠጣችንን፣ ቴሬሬን፣ ከአንድ ዋንጫ በየተራ እየመጠጥን ነበር። ኒልሳ የእንግዶቹን የአስተያየት መዝገብ አምጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«እማዬ፣ እዚህ የጻፉልሽን አንብበሽው ታውቂያለሽ?»

«በየቋንቋቸው ነው የሚጽፉት፤ በየት አውቄ? ግን ሲጽፉ ፈገግ ይላሉ።»

ኒልሳ ገጾቹን በስልኳ እያነሳች፣ ስልኩ የተረጎመላትን ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። «'እዚህ ከተማ ላይ ጫማዬ ቀለጠ። ሻወሩ ጥሩ ነው።' ሌላው፦ 'ለአንድ ሌሊት ይበቃል።' ይቺ ደግሞ፦ 'ከተማውን አላየነውም። የቤቱ እመቤት ለማለዳው አውቶቡስ ቀስቅሰውን ሻንጣችንን እስከ በር ያዙልን።' ይኸኛው፦ 'ገና ውሃ ሳልጠጣ ወደ ፏፏቴው የሚሄደው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነገሩኝ።'» መዝገቡን ዘጋችው። «አየሽ? ለከተማው ብሎ የሚመጣ የለም። አውቶቡስ እስኪመጣ ነው የሚያርፉት። አንቺ መጠበቂያ ክፍል ነው ይዘሽ የተቀመጥሽው።»

ዴኦሊንዳ ዋንጫውን በእጇ አዙራ አየችው። ከዚያ «እውነትሽን ነው» አለች። «ቅዳሜ ሰውየውን አምጪው። እፈርማለሁ።»

ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን እዚያች ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። እኔ ደግሞ ሆዴ ሲባባ የሚቀናኝ መቆጣት ነው።

«ዴኦሊንዳ፣ ሰዎቹን የሚያባርራቸው ከተማው አይደለም» አልኳት። «አንቺ ነሽ!»

«እኔ?»

«በሩን ስትከፍቺ መጀመሪያ የምትያቸው ምንድን ነው?»

«እንኳን ደህና መጣችሁ ነዋ።»

«ውሸት! 'የአሱንሲዮኑ አውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል' ነው የምትያቸው። ከፀጉር ቤቴ ሆኜ እሰማሻለሁ እኮ። ጡረታ ወጣሁ ትያለሽ እንጂ ዛሬም ቲኬት እየቆረጥሽ ነው!»

«አንተስ? ዕድሜህን ሙሉ የሰው ጆሮ ስትቆርጥ ኖረህ እኔን ትናገራለህ!» ብላ ተነሳች። ተራዬ ደርሶ ሳለ ቴሬሬውን ይዛው ወደ ቤት ገባች። በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

ኒልሳ ገዢውን ልታመጣ ወደ አሱንሲዮን ተመለሰች። እኔና ዴኦሊንዳ ሁለት ቀን ተኮራረፍን።

ሐሙስ በቀትር ሁለት ወጣቶች ሻንጣቸውን አዝለው ደጃፏ ቆሙ። ልጅቷ ሱኒቫ፣ ወንዱ ኤስበን እንደሚባሉ በኋላ ነው ያወቅሁት። መጋረጃዬን ገለጥ አድርጌ ማየት ጀመርኩ። ዴኦሊንዳ በሩን ከፈተች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሽርጧን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችና «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደዋጠችው እግዜር ይወቀው።

«እዚህ ከተማ ምን ይታያል?» አለች ልጅቷ በተሰባበረ ስፓኒሽ።

ዴኦሊንዳ ግራ ገብቷት ወደ እኔ መስኮት አየች። ለካ እንደማያት ታውቃለች! «አሁን?» አለች፤ «አሁን ምንም አይታይም። አሁን ይተኛል።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ገብተውም ተኙ።

አሥር ሰዓት ላይ ዓይናቸው አብጦ ሲወጡ ዴኦሊንዳ አራት ወንበር ደጅ አውጥታለች። «ሲሪያኮ! መጋረጃውን ልቀቀውና ና፤ አንድ ሰው ጎድሎናል!» ብላ ተጣራች። እኔም ኩርፊያዬን ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቆልፌበት ሄድኩ።

ቴሬሬው ሁለት ዙር እንደዞረ ሱኒቫ «የት ነው የተወለዱት?» ብላ ጠየቀቻት። ቀላል ጥያቄ ነው። ግን በአሥራ አንድ ዓመት አንድም እንግዳ ጠይቋት አያውቅም፤ ፋታም ሰጥታቸው አታውቅም።

ዴኦሊንዳ ወደ ወንዙ ጠቆመች። «እዚያ፣ ውሃው ውስጥ።»

ወንዙ ላይ ግድብ ሲሠራ ውሃው ሽቅብ መጥቶ ታችኛውን ከተማ እንደሸፈነው ነገረቻቸው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አራታችንም ወደ ዳርቻው ወረድን። እሷ በጣቷ ውሃው ላይ እያመለከተች፣ እዚህ ጋ ትምህርት ቤቴ፣ እዚያ ጋ ባሌ የጠበቀኝ ዳቦ ቤት ትላለች። ባሏ ዳቦ ቤት ደጃፍ መጠበቁን እኔ እንኳ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ኤስበን ዘሎ ገብቶ ሲዋኝ «ያ ልጅ አሁን በደጃችን እያለፈ ነው!» ብላ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ዕንባዬ ግን የሳቅ ብቻ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ፀጉር ቤቴን በጊዜ ከፍቼ ተቀመጥኩ። የአንድ ሰዓት ተኩሉ አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። ከማረፊያው የወጣ ሰው የለም።

ቅዳሜ ገና በማለዳ የፀጉር ቤቴ በር ተደበደበ። ዴኦሊንዳ ናት፣ ሽርጥ እንደታጠቀች። «ሲሪያኮ፣ ቁርስ ምን ልስጣቸው?»

«እንደ ወትሮው ቺፓ፣ ያን የአይብ ዳቦሽን ስጫቸዋ።»

«ቺፓ ትናንት በሉ! የሁለተኛ ቀን ቁርስ አብስዬ አላውቅም እኮ!»

የካሳቫ ዱቄትና አይብ በመጥበሻ ጋግሪላቸው አልኳት። እየሮጠች ተመለሰች፤ ያቺ የምታማት ጉልበት የት እንደገባች አላውቅም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኒልሳና ገዢው ከመናኸሪያው በእግራቸው መጡ። ሰውየው በላብ ተዘፍቋል፤ በአንድ እጁ የሚፈረመውን ወረቀት፣ በሌላው ሜትር ይዟል። ዴኦሊንዳ እጇ ዱቄት እንደሆነ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ኒልሳ በእናቷ ትከሻ አሻግራ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚስቁትን ሁለት ወጣቶች አየች።

«መቼ ነው የመጡት?» አለች።

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ? ታመው ነው?»

«ምንም አልሆኑም። እስከ ማክሰኞ እንቆያለን ብለዋል።»

ኒልሳ ዱቄት የነካውን የእናቷን እጅ አየች። ከዚያ ወረቀቱን ከሰውየው እጅ ቀስ ብላ ወስዳ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዴኦሊንዳ ወደ ሰውየው ዞረች። «ጌታዬ፣ አይቀየሙኝ፣ ደክመዋል» አለችው። «የአሱንሲዮኑ አራት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ አሁን ከሄዱ ይደርሱበታል።»