መብራቱ የጠፋበት ቫዮሊን

ኤርኮንዲሽን ሲከፈት የሚወጣው የአቧራ ሽታ ዛሬም ወደ ልጅነቴ ይመልሰኛል። ቢሮ ውስጥ ሌላ ሰው ሲከፍተው እንኳ እኔ እጄን እሰበስባለሁ።

ልጅ ሳለሁ በአንዲት ሞቃታማ የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 6 በሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። ፈረንሳይ አክስቴ ጋ ሆና ቫዮሊን የተማረችው እህቴ በወጣት ሙዚቀኞች ዓለም አቀፍ ውድድር ለፍጻሜ ደርሳ በቴሌቪዥን በቀጥታ ልትታይ ነው። በዚያ በነሐሴ ሙቀት ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናችን ታጭቋል። ቴሌቪዥኑና ኤርኮንዲሽኑ አብረው ከተከፈቱ ቆጣሪው ስለማይችል መብራት ይጠፋል። እናቴ «የኤርኮንዲሽኑን ማብሪያ የነካ ወዮለት!» ብላ አስጠንቅቃለች።

እህቴ ቫዮሊኑን አገጯ ሥር አድርጋ ጀመረች። የእናቴ ቀሚስ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል፤ እሷ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። አሳዘነችኝ። ለአንድ አፍታ ብቻ ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩት። ቀጭ አለ፤ አቧራው ሸተተኝ፤ ስክሪኑ ጠቆረ።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ የጨረሱት አያቴ ግን ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ዝም በሉ እንጂ!» አሉ ጥቁሩን ስክሪን እያዩ። «ልጄ እየተጫወተች ነው።»

መብራቱ ሲመለስ እህቴ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳ ነበር።

አሁንም ማብሪያው ቀጭ ሲል፣ ያን ዕለት ማምሻውን እህቴ ደውላ የጠየቀችኝ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል፦ «ሰማችሁኝ አይደል?»