ለየትኛው ዳግም?

ከባሕር ዳር የተነሣነው በፋሲካ ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ ሰላምና እናቴ። የምንሄደው ቢቸና፣ የእናቴ ታላቅ እህት ዘንድ ነው። እታለም እንላታለን። አረቄ እያወጣች በመሸጥ ልጆች ያሳደገች፣ በአካባቢው ሰርግ ሁሉ ስሟ የሚነሣ ሴት ናት። ማክሰኞ ዕለት ደውላ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ «ለዳግም ድረሱልኝ፤ እህቴን ይዘህ ድረስልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። እሑድ ዳግም ትንሣኤ ስለሆነ ለበዓሉ ጠርታናለች ብዬ ለቤተሰቡ አወጅሁ።

ሰላም ሐዋሳ ያደገች ናት፤ አረቄ ሲጠጣ እንጂ ሲወጣ አይታ አታውቅም። «እስከ እሑድ ጊዜ ካለን፣ ለምን በየከተማው አውጪዎቹን እየጎበኘን አንሄድም?» አለች። ሐሳቡ እንደኔ ላለ ሰው የተፈጠረ ነው። እኔ ቤቴ ውስጥ እንኳ ሻይ የምጠጣው እየተንጎራደድሁ ነው። ለማውቃቸው ሹፌሮች ደውዬ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣራሁ፤ በዚህ ዘመን ከሰው ቀድሞ የሚጓዘው ስልክ ነው።

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አዴትን ካለፍን በኋላ አቧራው በተሰነጠቀው መስኮት እየገባ ነጠላችንን ቡናማ አደረገው። ማሳው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። እናቴ በየኬላው «ስንት ቀረን?» ትላለች፤ እኔም ባላውቀውም አንድ ነገር እመልስላታለሁ።

ሞጣ

ሞጣ ስንደርስ ከመስጊዱ የአዛን ድምፅ ይሰማ ነበር። ከፋሲካ የተረፈ የሚመስል ዶሮ ወጥ በላን። ለምሳ ቤቱ ባለቤት አረቄ ሲወጣ ማየት እንፈልጋለን ስንለው ሳቀብንና ከገበያው ጀርባ ወዳሉት ወደ ወይዘሮ እናትነሽ ላከን።

ወይዘሮ እናትነሽ ጭስ በሞላው ጓዳቸው ውስጥ ተቀብለው በርጩማ ሰጡን። ከጌሾ፣ ከብቅልና ከዳጉሳ የተጠነሰሰው ድፍድፍ በትልቅ ማሰሮ እሳት ላይ ተጥዷል፤ አፉ በጭቃ ታሽጓል። እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተነከረ ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ይህ ተራው ነው» አሏት ለሰላም። «ይኸው ተመልሶ እሳት ላይ ሲወጣ ዳግም ይባላል። ለሰርግ የሚታዘዘው እሱ ነው። ድፍድፉ ከሥሩ ካረረብሽ ግን ሽታው እስከ ዳግሙ ይከተልሻል፤ አፍንጫሽ ቶሎ ካልነገረሽ አለቀልሽ።»

እናቴ በኩራት ተቀበለቻቸው። «የኔም እህት አውጪ ናት። ለዳግም ድረሱልኝ ብላን ነው የምንሄደው።»

ወይዘሮ እናትነሽ እንጨቱን እየገፉ ቀና አሉ። «ለየትኛው ዳግም?»

እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ብድግ አለች። ደጅ ወጥተን እጄን ይዛ የነገረችኝን እስከዚያ ሰዓት ከእሷ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። እታለም ባለፈው ክረምት ታማ ከተነሣች ወዲህ ምንም ነገር አይሸታትም። ለጎረቤቷ ሴት ልጅ ሰርግ፣ ለእሑድ፣ አረቄ እንድታወጣ ታዝዛለች። ለካ የጠራችን በዓል እንድናከብር አልነበረም። አረቄው ሲወጣ የእህቷን አፍንጫ ፈልጋ ነው።

«ይህ ሰርግ ከተበላሸባት ስሟ አበቃ» አለች እናቴ። «ሽታ የማታውቅ አረቄ አውጪ ማን ያዝዛታል?»

ስልክ ብንደውል አይገባም። ወደ መናኸሪያ ሮጥሁ፤ ቀኑ ስለመሸ የሚነሣ ሹፌር አልተገኘም። ሰላም «ጉብኝቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» እያለች ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ ደግሞ ሰምቼ ሳልጨርስ በማወጄ ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

ግንደወይን

በማግሥቱ ሞጣ መናኸሪያ ላይ መኪናው አልሞላ አለ። እኔ ዙሪያውን እዞራለሁ። እናቴ ገብታ ተቀምጣ «ሹፌር! ባዶውን ወንበር እኔ ወፍሬ እሞላልሃለሁ፤ ንዳው!» ትላለች። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሹፌሩም ሳቀ፤ ግን አልነዳም።

ግንደወይን ላይ አንዲት ጎበዝ አውጪ እንዳለች ተነግሮን ነበር። አሁን ማን ያያታል? እናቴ ከመኪናው አልወርድም ስላለች ሻይና ዳቦ በመስኮት አቀበልናት። ዳቦውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ አልነካችውም።

ቢቸና

ከመናኸሪያው በባጃጅ ሄድን። እናቴ ከባለባጃጁ ጋር በሒሳብ ስትከራከር እኔና ሰላም ቀድመን ገባን። እታለም ከስታ ጠበቀችን፤ ጉልበቷን ስሜ ቀና ስል ዓይኔ ጥግ ላይ በተደረደሩት ጄሪካኖች ላይ አረፈ።

«ትናንት ስጠብቃችሁ ዋልሁ» አለች። «ስትቀሩብኝ ብቻዬን አወጣሁት። ጎረቤቶቼ ቀምሰው ወደውታል። እስቲ ልጄ፣ አንተም ቅመስ።»

መለኪያውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ጭስ ጭስ፣ የተቃጠለ እህል እህል አለኝ። እሷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እንዲህ እየተጠባበቀች ያለችን ሴት ምን ይሏታል?

«ግሩም ነው፣ እታለም።»

ሰላምም እያሳላት «በጣም ጥሩ ነው» አለች። ይሉኝታችን ሁለታችንንም በአንድ ገመድ አሰረን።

እናቴ ገባች። እህቷን አቅፋ ስማ፣ መለኪያውን ከእጄ ወሰደችና አሸተተችው። አልቀመሰችውም።

«አሯል» አለች።

እታለም እናቴን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ድንጋይ እንደወረደላት ሁሉ በረዥሙ ተነፈሰች፤ እንባዋም መጣ። «ሰው ሁሉ ግሩም ነው ይለኛል። ልቤ አላምን አለ። ተመስገን፤ የሚነግረኝ ሰው መጣ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ፈገግ አለች። «በሽታ ነበር የምኖር፤ በሽታ ወሰደብኝ» አለች።

የመጀመሪያው የአፍንጫ ሽታ፣ ሁለተኛው የሰውነት ሕመም መሆኑ እስኪገባኝ ድረስ ቆየሁ። እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስሁ እንጃ፣ ፊቴን አዞርሁ።

ያረረውን ጓሮ ደፋነው። ደግነቱ አንድ ጋን ድፍድፍ ቀርቷት ነበር። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምሥጢሩ እንዳይወጣ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሰው መመለስ። የመጣውን ሁሉ «እታለም ትንሽ አሟት ተኝታለች» እላለሁ። ተነሥቼ እቀመጣለሁ፤ ተቀምጬ እነሣለሁ። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ቀንሺው» ትላለች እናቴ።

እታለም እንጨት ትስባለች። «አሁንስ?»

«አሁን ደግ ነው። እንዳትነኪው።»

ተራው ዓርብ፣ ዳግሙ ቅዳሜ ወጣ። እናቴ ጥቂት እሳቱ ላይ ጠብ ስታደርግበት ቦግ አለ። እታለም ግን እሳቱን አላየችም፤ የምታየው የእህቷን ፊት ነበር። እናቴ ራሷን ከነቀነቀች በኋላ ነው የተቀመጠችው።

ባሕር ዳር

እኔና ሰላም ሰኞ ሥራ ስላለን እሑድ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። እናቴ «እኔ ወዴትም አልሄድም» ብላ ቀረች። በመንገድ ላይ ሰላም «ለምን ዋሸናት?» አለችኝ። የመኪናውን መስኮት ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አሁን ቢሆን የምላት፣ «የወደድናት መስሎን ብቻዋን ጥለናት ነበር» ነው። በጎዳናው ሁሉ ስቻኮል ከርሜ፣ ስደርስ አንዲት ቃል ለመናገር ዘገየሁ።

ቤት ገብተን ጫማችንን ሳናወልቅ እናቴ ደወለች። ከኋላዋ ከበሮና እልልታ ይሰማል።

«እንዴት ሆነ?» አልኋት።

«የሙሽራው አባት መለኪያውን እንደያዘ ተነሥቶ፣ ይህን ያወጣች ማን ናት አለ።»

«ምን አልሽው?»

«እህቴ ናት፤ እኔማ ገና ዛሬ ጠዋት መድረሴ ነው አልሁት።»

እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም። «እታለምስ ምን አለች?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ነጠላዋ ሥር እጄን እንደያዘች ናት። ይኸው እስካሁን አልለቀቀችኝም።»