ለመርከበኛው አጎቴ የጻፍኩት ደብዳቤ

ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያለው አጎቴ ባለፈው ለፈቃድ ሲመጣ ያመጣልን ነጭ ኮራል ቡፌያችን ላይ ዳንቴል ተነጥፎለት ተቀምጧል። እናቴ ከዚያ የሚበልጥ አማራትና "ለወንድሜ ጻፊልኝ" አለችኝ።

በሐዋሳ ከእኔ የሚበልጥ ደብዳቤ ጸሐፊ ያለ አይመስለኝም፤ ያን ቀን ግን እጄ እንቢ አለኝ። የባዮሎጂ አስተማሪያችን፣ ኮራል ጥቃቅን እንስሳት በብዙ ዘመን የሠሩት ቤት እንደሆነ፣ የሐይቃችን ዓሦች ቄጠማው ውስጥ እንደሚደበቁ ሁሉ የባሕር ዓሦችም እዚያ ተደብቀው እንደሚያድጉ ነግሮናል። ስለዚህ እሷ "ትልቁን አምጣልኝ" ስትል እኔ "እባክህ ሁለተኛ አትስበር" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፖስታውን ለማሸግ ተጣደፍኩ።

"ቆይ እስቲ፣ አምጪው! መሠረተ ትምህርት የተማርኩት ለምኔ ነው?"

ጣቷን ከፊደል ፊደል ስታሻግር እኔ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ።

"አ... ት... ስ... በ... ር? አንቺ! እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?"

እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳት። ኮራሉን ዞር ብላ አየችው።

"እኔ መች አወቅሁ ቤታቸው መሆኑን?" አለችና ወረቀቱን መለሰችልኝ። "እንግዲያው ምንም አያምጣ። እሱ ራሱ በደህና ይምጣልኝ። ይህንንም ጨምሪበት።"

ጨመርኩት። ከደብዳቤው ሁሉ ያማረው የእሷ ዐረፍተ ነገር ሆኖ አረፈው!