ግብሬን የከፈለልኝ ዘመድ

በጃንሆይ ዘመን እኔ የኖርሁት ከባሌ ጋር በእሱ አገር በእስቴ ነው። እናቴ ያወረሰችኝ መሬት ግን ከወንዙ ማዶ ስማዳ ነበር። ባሌ እየተሻገረ ያርሰዋል፣ እኔ እየተሻገርሁ አርማለሁ፣ አጭዳለሁ፣ እህሉን በአህያ ጭነን ወደ ቤታችን እናመጣለን። በእኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ትዳሩና ርስቱ አንድ ቦታ የገጠመለት ስንት ሰው አለ? ጭቃ ሹም የሚባሉት የየአጥቢያው ግብር ሰብሳቢዎችም ከመሾማቸው በፊት ይህን ያውቁ ነበር። የሚጠፋባቸው ከተሾሙ በኋላ ነው።

የመሬቱን ግብር ለስማዳው ጭቃ ሹም እከፍላለሁ፣ በዚህ ጠብ የለንም። ጠቡ የመጣው የእርሻ ገቢ ግብር የሚሉት በታወጀ ጊዜ ነው። ከመሬቱ ሌላ በምታገቡት እህልም ትገብራላችሁ ተባለ። እሺ፣ እንገብር። ግን ለማን? እዚህ ላይ ያወጀውም አስከፋዩም ወሬ የለውም።

የስማዳው ጭቃ ሹም አውድማችን ዳር ሆዱን ገፍቶ ቆመና፣ "እህሉ የበቀለው በእኔ አጥቢያ ነው፣ እዚህ ትከፍያለሽ" አለኝ። ከፈልሁ። እህሉን ጭነን ቤታችን ስንደርስ ደግሞ የእስቴው ጭቃ ሹም ጎተራዬ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ይኸኛው ከሲታ ነው፣ ሊናገር ሲል ከንፈሩን ይልሳል።

"እህሉ የሚበላው በእኔ አጥቢያ ነው። አንቺም የምታድሪው እዚሁ ነው። እዚህ ትከፍያለሽ።"

"ጌታዬ፣ ማዶ ከፍዬ መምጣቴ ነው" አልሁት።

"ማዶ የከፈልሽው የማዶውን ነው" አለ፣ ትልቅ ነገር እንደ ተናገረ ሰው።

ባሌ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፣ ሹም ፊት ግን ምላሱ ይታሰራል። "ክፈይና ይሂድልን" አለኝ። እየተቃጠልሁ ከፈልሁ።

በዓመቱ አዝመራው ሳይደርስ መካነ ኢየሱስ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄጄ አቤት አልሁ። ካፖርት የደረበ አንድ ሰው በፀሐይ ተቀምጧል። "ግብር የሚከተለው ሰውን ነው ወይስ መሬትን?" ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ አሰበ። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር። መጨረሻ ላይ "በምትኖሪበት ክፈይ" አለኝ። የእኛው ከሲታ እዚያው ቆሞ ሰምቶ ኖሮ ደስታው ልክ አጣ። "እኔ ዘንድ ከከፈልሽ ማዶ ማንም አይነካሽም፣ አለሁልሽ" አለኝ። አለሁልሽ ያለኝ ወንድ ብዙ ነው፣ በቸገረኝ ቀን ግን አንዱንም አላየሁት።

እህሉ ሲገባ የገቢውን ለከሲታው ከፈልሁና የመሬቱን ይዤ ስማዳ ተሻገርሁ። የመሬቱን መተው አይሆንም። በእኛ አገር ለመሬት የሚገብር ባለመሬት ነው፣ ያልገበረ ደግሞ የእናቱን መቃብር እያሳየ ቢያለቅስ የሚሰማው የለም። የስማዳው ጭቃ ሹም ቤት ስገባ የአጎቴ ልጅ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል። ከእናቴ ተዝካር ጀምሮ ዓይኑን ከዚያ መሬት ላይ አንሥቶ አያውቅም።

"የሰብሉስ?" አለኝ ጭቃ ሹሙ።

"እሱን እስቴ ከፍያለሁ፣ ወረዳው በምትኖሪበት ብሎኛል።"

"እንግዲያ ግማሽ ግብር አልቀበልም። ሁለቱንም አምጪ።"

የአጎቴ ልጅ ጠላውን አስቀምጦ ጭቃ ሹሙን አየት አደረገው። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ ይሉኛል። ተጠራጥሬስ ምን አመጣ ነበር? ቤቴ ተመልሼ፣ ከጎረቤት ተበድሬ እንደገና ተሻገርሁ። ጭቃ ሹሙ ከደጁ ወጥቶ በፈገግታ ተቀበለኝ። ስቆልኝ የማያውቅ ሰው።

"ተመስገን በይ" አለኝ፣ "የአጎትሽ ልጅ ሁለቱንም ከፍሎልሻል።"

አገሩን ለማያውቅ ሰው ደግነት ይመስላል። ለእኔ ግን የእናቴን መሬት ከእግሬ ሥር መሳብ ነው።

"ጌታዬ፣ የእኔን ይቀበሉኝና የእሱን ይመልሱለት" ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አንድ እህል ሁለት ጊዜ ያስገበሩኝ ሰዎች ናቸው። አሁን ደግሞ ግብር ተቀበሉኝ ብዬ የምለምን እኔ ሆንሁ።

"የተከፈለ ግብር አይመለስም" አለኝ። "አንቺ እንደሆን የእስቴ ሰው ነሽ። ወረዳው ብሎኛል ያልሽው ራስሽ ነሽ።"

የአጎቴ ልጅም መጣና፣ "እታለም፣ ለአንቺው ብዬ ነው፣ መንገዱ እንዳያደክምሽ" አለኝ። ምላሱ ቅቤ ነው፣ እሱ ከልጅነቱም እንዲህ ነው።

ወደ ከሲታው ሮጥሁ። ማዶ ማንም አይነካሽም ያለኝን ነገርሁት። ከንፈሩን ላሰና፣ "መሬቱ ስማዳ አይደለም እንዴ? በሰው አጥቢያ ምን አገባኝ?" አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ የእኔ ናት፣ የእኔ ናት ሲሉ የኖሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ አላውቃትም አሉኝ። ሽማግሌ ፊትም ቀረብሁ። እኔ እናቴን ስጠራ የአጎቴ ልጅ "ገብሬበታለሁ" አለ። ነገሩ በዚያው አለቀ፣ በክረምቱ በሬዎቹን ጠምዶ ገባበት።

አዝመራው ሲደርስ ከሲታው ሰብል ሊገምት ቤቴ መጣ። ጎተራውን ከፈትሁለት። እጁን አግብቶ እስከ ታች ዳበሰ።

"እህሉ የት አለ?"

"ማዶ። የአጎቴ ልጅ ጎተራ ውስጥ።"

"እንግዲህ በዓምናው እንገምትልሻለን" አለ።

ሁለት በጎች ነበሩን፣ አንዱን ሸጥን። ገንዘቡን ስሰጠው ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አለኝ፦

"ዘንድሮስ ቀሎልሻል፣ የማዶውን ዘመድሽ ከፍሎልሽ።"