አውራ አውራውን ላክልኝ

እናቴ አማርኛ የተማረችው ቡታጅራ ገበያ ውስጥ፣ በርበሬ እየሰፈረችና እየተከራከረች ነው። ስለዚህ አማርኛዋ ፈጣንና ደፋር ነው። ያን ዓመት ጉድ የሠራን ይኸው ድፍረቷ ነው።

የእናቴ ታናሽ ወንድም የሚኖረው ደብረ ዘይት፣ ጫጩት የሚያስፈለፍል ድርጅት አጠገብ ነበር። እዚያ ጫጩቶቹ ገና እንደተፈለፈሉ ሴትና ወንዱን ይለያሉ። ሴቷ ትሸጣለች፤ ወንዱን የሚፈልገው ስለሌለ፣ የሚወስድ ከተገኘ እሰየው ነው። እናቴ ይህን አታውቅም። የምታውቀው የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ጥላ እንደማትጠግብ ብቻ ነው። ለሻይ ቤቶች እንቁላል ላቀርብ ብላ፣ አባቴን ስትለማመጥ ከርማ የበርበሬ መጋዘኑን አስለቀቀችው። ከዚያ ይዛኝ ቴሌ ሄደችና፣ ወንድሟ ጫጩት እንዲልክላት ስልኩ ውስጥ ጮኸች፦

«ያገኘኸውን እንዳታፍስ! አውራ አውራውን መርጠህ ላክልኝ!»

ዋና ዋናውን፣ ምርጥ ምርጡን ማለቷ ነበር። አጠገቧ ቆሜ ስሰማት ለእኔም የገባኝ እንደዚያ ነው።

ካርቶኑ በአውቶብስ መጣ። ረዳቱ መናኸሪያው ላይ ሲያወርደው «እዚህ ውስጥ ሠርግ አለ እንዴ? መንገዱን ሙሉ ሲዘፍኑ ነው የመጡት» አለን። መጋዘኑን ደጋግመን ብንጠርገውም የበርበሬው ብናኝ ከግድግዳው አልለቀቀም ነበር፤ ጫጩቶቹ እንደገቡ ማስነጠስ ጀመሩ። ጫጩት ሲያስነጥስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔና እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብለን በሳቅ ሞትን። እነሱም እያስነጠሱ፣ ፉርሽካቸውን እየበሉ፣ ነጭ ላባ አውጥተው አደጉ።

አንድ ጠዋት ከመጋዘኑ የታነቀ ሰው የሚመስል ድምፅ ወጣ። ሮጠን ስንገባ አንዱ አንገቱን አስግጎ ለመጮህ ይታገላል። «አልሐምዱሊላህ፣ አንድ አውራማ ያስፈልጋል» አለች እናቴ። በማግስቱ ሌላው ጮኸ። ከዚያ ሌላው። ሳምንት ሳይሞላ ያልጮኸ ጠፋ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «እናንተ ቤት ስንቴ ነው የሚነጋው?» ብላ ጠየቀችን።

ተመልሰን ቴሌ ሄድን። የአጎቴ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለእኔም ይሰማል፦ «አንቺው አይደለሽ እንዴ አውራ አውራውን ያልሽኝ? ሰዎቹ ሰው የሚወስደው ሴቷን ነው ቢሉኝ፣ እህቴ የምታውቀው ነገር አላት ብዬ ተሟግቼ ነው ወንድ ወንዱን የለቀምኩልሽ!»

እናቴ መጀመሪያ ሳቀች። መንገድ ላይ ግን ሻርፗን ጎትታ ፊቷን ሸፈነችብኝ። ከተዳረች ጀምሮ የአባቴን በርበሬ ስትለቅምና ስታሰጣ ነው የኖረችው። የእኔ የምትለው ሥራ ይኼ የመጀመሪያዋ ነበር። አባቴም ክፉ ሰው አይደለም፣ ነጋዴ ነው እንጂ። «አዲሱ በርበሬ እስኪገባ እታገሣለሁ። ያን ጊዜ እዚህ ቤት እንቁላል ካላየሁ፣ መጋዘኔን እመልሳለሁ» አለ።

አውራዎቹን ገበያ አወጣናቸው። «ነጭ ነው፤ ቀይ የለሽም?» ይላል አንዱ። «የፈረንጅ ሥጋ ጥጥ ነው» ትላለች ሌላዋ። አንድ ሽማግሌማ ብድግ አድርገው መዘኑና «ቁመቱ የጎረምሳ፣ ክብደቱ የሕፃን!» ብለው መለሱት። ሁሉንም ይዘናቸው ተመለስን።

እኔ ግን ሳስብ ነበር። ግብርና የሚያስተምረን መምህር፣ የፈረንጅ አውራ ከሀበሻ ዶሮ ቢዳቀል ክልሷ ከእናቷ ይበልጥ ትጥላለች ብሎናል። እኛ አገር ደግሞ ላም የሌለው ሰው ከባለላም በርቢ ይወስዳል፤ እያበላ ያረባታል፣ ጥጃውን ይካፈላሉ። ሁለቱ ነገር ድንገት ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኙ።

«እማ፣ ለምን በርቢ አንሰጣቸውም?»

«ምኑን?»

«አውራዎቹን።»

«አንቺ ልጅ፣ የወለደ ወንድ የት አየሽ?»

«እሱ አይወልድም፣ ያስወልዳል!»

ከአፌ የወጣውን ስሰማ ራሴው አፈርኩ። እናቴ በሻርፗ አፏን ይዛ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን «እስቲ ድገሚልኝ» አለች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ድምፄን ለቀቅኩት፦ «የርቢ አውራ! ዛሬ ውሰዱ፣ ከሚፈለፈለው አንዲት ቄብ ስትደርስ አምጡ!» ገበያው በሳቅ አወካ። ከቡኢ በኩል የመጣች አንዲት ገበሬ ሴት ቆም አለች።

«ደግሞ አውራ በርቢ ተጀመረ?»

«ዶሮ አለሽ እቴ?»

«አሉኝ።»

«አውራውስ?»

«ሸለምጥማጥ በላው።»

«ታዲያ እስከ መቼ ባል ያጡ?»

«ወላሂ፣ ይቺ ልጅ እኔንም ትሸጠኛለች!» አለችና አንዱን በብብቷ ሸጎጠች። እሷን ያየች ሌላዋ መጣች፤ ከዚያ ሌላዋ። የአስር ሶላት ሳይሰገድ አንድም አውራ አልቀረንም። «ካልመለሱስ?» ስላት እናቴ ተቆጣች፦ «የርቢ ከብት የሚክድ ሰው አለ? ለዚያውም ገበያ ሙሉ ሕዝብ ሰምቶ!»

ክረምቱ አለፈ። በርበሬው ቀልቶ ተለቀመ፣ ተሰጣ፣ ደረቀ። አንድ ቀን አባቴ የመጀመሪያዎቹን ጆንያዎች አስጭኖ ግቢ አስገባ። እናቴ የመጋዘኑን ቁልፍ ከመቀነቷ መፍታት ጀመረች።

በሩ ተንኳኳ። የቡኢዋ ሴት ናት፤ በብብቷ አንዲት ትልቅ ገብስማ ዶሮ ይዛለች።

«ቄቧስ?» አልኳት።

«ክልሷን? እሷንማ አልሰጥም! ገና በዚህ ዕድሜዋ እናቷን አክላለች። ይልቅ እናቷን ውሰጂ፤ እየጣለች ነው።»

«የተነጋገርነው እኮ ቄብ...»

«እምቢ ካልሽ በሽማግሌ ክሰሽኝ!»

እናቴ ዶሮዋን ተቀብላ ለቀቀቻት። ዶሮዋ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ ከጆንያዎቹ አንዱ ላይ ወጥታ ሰርጎድ ያለውን ቦታ በእግሯ አመቻችታ ተቀመጠች። በኋላ ስትነሳና ስታስካካ አባቴ እጁን ሰደደ፤ እንቁላሉን አንስቶ ሙቀቱ እስኪበርድ መዳፉ ውስጥ ያዘው።

በዚያ ሳምንት ሌሎቹም መጡ። አንዷ ቄብ ይዛ፣ አንዷ ሁለት ይዛ፣ አንዷማ ባዶ እጇን መጥታ «የኔ ገና ነው፤ ግን ለእህቴም አውራ አምጡላት» ብላ።

ያን የመጀመሪያ ቀን ግን አባቴ እንቁላሉን ለእናቴ ሰጣትና አንዱን ጆንያ ተሸከመ። ወደ መጋዘኑ አልሄደም፤ ወደ ሳሎን ነው የገባው። ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲመለስ እናቴ ቁልፏን መልሳ እየቋጠረች፣ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ አዘዘችው፦

«ቀስ በል እንጂ፣ ዶሮዬን ታስደነግጥብኛለህ!»