የረይሃና ገጽ እና ያጋደለው በርጩማ

ረይሃና ድረ ገጽ ልትሠራ መሆኑን የነገረችኝ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ግማሽ ሳምቡሳ በእጇ ይዛ ነው። ጅማ መናኸሪያ ውስጥ አንድ የትኬት መስኮት ላይ ጎን ለጎን ስንሠራ አራት ዓመታችን ነው። እኔ ለይኩን እባላለሁ። ከትኬቱ ሌላ፣ መኪና ላይ ተረስቶ የተገኘ ዕቃ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ለሃያ ሁለት ዓመት ከኪሴ አልወጣም። ጃንጥላው፣ ፌስታሉ፣ የአንድ እግር ጫማው ሁሉ በእኔ ደብተር ይመዘገባል። ባለቤት ነኝ ባይ ሲመጣ ደብተሩን ደረቴ ላይ አስደግፌ «ምልክቱን ንገረኝ» እላለሁ። ያልነገረ አይወስድም።

«ጋሽ ለይኩን፣ የሰቃ ሰው ጃንጥላው መገኘቱን ለማወቅ እዚህ ድረስ ለምን ይመላለሳል? በስልኩ አይቶት ይምጣ» አለችኝ።

«ጃንጥላውን መያዝ ያቃተው ሰው ስልኩን ይዟል ብለሽ ነው?» አልኳት። ነገር ፍለጋ ነበር።

ረይሃና የበቾ ቦሬ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኮምፒውተር ተምራለች፤ በተማረችበት ሥራ ስታጣ ትኬት ቆራጭ ሆነች። አታማርርም። ግን ያን ክዳኑ በፕላስተር የተያያዘ አሮጌ ላፕቶፕ ስትከፍት ፊቷ እንዴት እንደሚፈታ አያለሁ። ፍላስክ የሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ አግኝታ ነበር። ትንሽ ነው፣ ጓዝ አያበዛም፣ ለጀማሪ ይሆናል አለችኝ። ሰባት መስመር ጻፈችና ነጭ ገጽ ላይ «ሰላም» የሚል ቃል ብቅ አለ።

«ሰላምታውንማ እኔም እችላለሁ» ብላት ሳቀች።

ከዚያ መመዝገቢያ ቅጽ ሠራች። የዕቃው ዓይነት፣ የተገኘበት ቀን፣ የመኪናው መስመር፣ ምልክት፣ ፎቶ። የሞላችው ሁሉ አንድ ቦታ ይጠራቀማል፤ ገጹ ከዚያ እያወጣ ይደረድራል። አንድ ቀን ሙሉ ላፕቶፑ «ገጹ የለም» እያላት ዓይኗ እንባ ሲያቀር አይቼ ዘወር አልኩ። ለካ ፍላስክ ገጾችን የሚፈልገው ከአንድ ፎልደር ብቻ ነው፤ እሷ ሌላ ቦታ አስቀምጣዋለች። «እንደ እርስዎ ቁም ሣጥን ነው፤ በቦታው ካልተቀመጠ የለም ይላል» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አናደደኝ።

ቁጥር አንድ ብላ የመዘገበችው በርጩማ ነበር። ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ከሰቃ በመጣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተረስቶ የተገኘ። ከሥሩ ሳንቲም የሚያህል የቃጠሎ ጠባሳ አለው። እኔ ምሳዬን ተቀምጬበት ስበላ ወደ ቀኝ ቢያጋድለኝ ጠራቢውን ረግሜዋለሁ። እሷ ፎቶ አንስታ ለጠፈችው፤ አድራሻውንም በቴሌግራም በተነችው።

ገጹን በስልኬ ከፍቼ አየሁት። ጠባሳው ከነመጠኑ ለአገር ሁሉ ተጽፏል። የሞላችውን በሙሉ ደርድር ብላ ስላዘዘችው፣ ምልክቱንም ደረደረው። ምልክት የሚወጣው ከባለቤቱ አፍ ነው እንጂ ከጠባቂው አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የበላሁበት ሙያ ይኸው ነው። አየሁ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቀንቼባት ነው። ገጹ ተሰናክሎ ወደ ደብተሬ እንድንመለስ ፈለግሁ።

በአራተኛው ቀን ረይሃና እረፍት ላይ ነበረች። አንድ ጃኬት የለበሰ ሰው መጣና «በርጩማዬን፤ ከሥሩ ሳንቲም የሚያህል ቃጠሎ አለው» አለኝ። ሌላ ምልክት ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅሁም። አስፈርሜ ሰጠሁት፣ በአጋሮ መኪና ተሳፍሮ ሄደ።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን አባቦራ የሚባሉ ሽማግሌ ከሰቃ መጡ። ገጹንም አላዩ፣ ወሬውንም አልሰሙ።

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ የጠፋ በርጩማ ይኖራችኋል?» አሉ።

«ምልክቱ ምንድነው፣ አባባ?» አለች ረይሃና።

«የባለቤቴ ነው። ዳሌዋን ያማት ስለነበር የበርጩማውን የቀኝ እግር በጣት ያህል አሳጠርኩላት። ቡና ስትለቅም የምትቀመጥበት ነው። አምና ሞተችብኝ። እዚህ ያለችው ልጃችን ስጠኝ ብትለኝ ሳመጣላት፣ ጣሪያ ላይ ረሳሁት።»

«አላህ ይዘንላቸው» አለች ረይሃና። ለሌላ ሰው መሰጠቱን ነገረቻቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ ተቀመጡ። እኔ ያን ሰዓት ያሰብኩት ምሳዬን የበላሁበትን ቀን ነው። ምልክቱ በገዛ ወገቤ ተነግሮኝ ነበር።

ኃላፊያችን ወንድወሰን ሲሰማ «ይሄ የኢንተርኔት ጨዋታ ዛሬውኑ ይዘጋ» አለ።

«ወላሂ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ልታጠፋው ላፕቶፑን ከፈተች።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። በእኔ ዝምታ ግን የሽማግሌው በርጩማ ወጣ። «ስህተቱን በመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። ዕቃውንም ያስረከብኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ረይሃና ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ቀንቼ ነው፣ ልጄ።»

ልታጠፋው የጀመረችውን ተወችው። ከዚያ ወንበሬን ወደ ላፕቶፑ ሳበችው። «እንግዲያው ባለቤቱን ምን ብለን እንጠይቅ? ይንገሩኝና ልጻፈው።»

ምልክቱን የሚያሳየውን መስመር ከገጹ አወጣችና በምትኩ ባዶ ሣጥን አስቀመጠች። ባለቤት ነኝ ባዩ ምልክቱን ራሱ ይሞላል፤ የምናነበው እኛ ብቻ ነን። ከላዩ የጻፈችው የእኔን ቃል ነው፦ «ምልክቱን ይንገሩን»። ወንድወሰን አጉረምርሞ አንድ ወር ፈቀደ። ቁጥር አንድን ግን አላጠፋችውም። «በስህተት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ባለቤቱ የሟች ሚስታቸውን መታሰቢያ ይፈልጋሉ» ብላ ጻፈችበት።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ከአጋሮ መጣች፤ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር አቅፋለች። «ባለቤቴ ገዛሁት ብሎኝ ነበር። ገጹን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስሜን አትጻፉ» ብላ አስቀመጠችውና ሄደች። በርጩማውን ሲሚንቶው ላይ አቁሜ ተቀመጥኩበት። ወደ ቀኝ አጋደለኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ማጋደል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባቦራ ትተውልን በሄዱት የልጃቸው ስልክ ደወልን፤ በማግስቱ መጡ። እግሮቹን በመዳፋቸው እየዳበሱ አጭሩን አገኙት። ለሳቸውም ሳልደብቅ ተናገርኩ፤ «ለሌላ ሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አባባ።»

አተኩረው አዩኝ። «ተቀምጠህበታል?»

«አዎ። አጋደለኝ።»

«ኤዬ፣ አዎ» አሉ በርጩማውን ብብታቸው ሥር እያደረጉ። «እሷ ግን ስትቀመጥበት ቀጥ ትል ነበር።»